መብራት ያስቸገረው ሰፈር አቤቱታውን እንዴት ያቅርብ?

ማታ 1 ሰዓት ሲሆን አምፖላችን ቢጫ ይሆናል። ምጣድ ይጣዳል፣ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም። ቂርቆስ ሰፈራችን ውስጥ ይህ ነገር ለወራት ሲዘልቅ ሰብሰብ ብለን «መብራት በጣም አስቸግሮናልና መፍትሔ ይሰጠን» የሚል ደብዳቤ ጻፍን። ምንም አልተገኘበትም። አሁን ሳየው ጉድለቱ የደብዳቤው ነበር። የቱ ትራንስፎርመር? በስንት ሰዓት? ስንት ቤት? አንዱም አልተጻፈም። ባለሙያ ያንን ይዞ የት ይሄዳል? ሁለተኛውን በደንብ ጻፍነው፤ ይህን የማካፍላችሁም እናንተ ከመጀመሪያው እንደ ሁለተኛው እንድትጽፉ ነው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ ለዩ። አፋችን ስለለመደ ሁሉንም «መብራት ኃይል» እንላለን። ያ ድርጅት ግን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ግድቦቹና ከፍተኛ መስመሮቹ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው። የሰፈር ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪውና ሒሳቡ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። እነዚህን የሚቆጣጠር አካልም አለ። በአዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ባለሥልጣን ተብሎ ነበር፣ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባላል። ፈቃድ ይሰጣል፣ የታሪፍ ጥያቄ ይመረምራል፣ በአቅራቢና በደንበኛ መካከል የሚነሳ ቅሬታም ያያል። ትራንስፎርመር ግን አይቀይርም። ስለዚህ ቀድማችሁ ወደዚያ አትሩጡ። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቃችሁ የተመዘገበ ነገር ሲኖራችሁ ነው አቤቱታችሁ እግር የሚያወጣው።

መብራት ሲጠፋ 905 ከመደወላችሁ በፊት ደጅ ወጥታችሁ እዩ። የጠፋው የእናንተ ቤት ብቻ ከሆነ ብሬከሩን ፈትሹ፣ ቆጣሪያችሁ የካርድ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ አልቆ እንዳይሆን። አንዱ ጎረቤት በርቶለት ሌላው ከጨለመ አንድ ፌዝ፣ ማለትም ከትራንስፎርመሩ ወደ ቤቶች ከሚወጡት ሦስት የኃይል መስመሮች አንዱ፣ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለ ፊውዝ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከነመንገድ መብራቱ ከጠፋ ከላይ የሚመጣው የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ሊሆን ይችላል። ይህን ስልኩን ለሚያነሳው ሰው ንገሩት፣ የሚላከው ሠራተኛ ምን ይዞ እንደሚወጣ ያውቃል። አንዱ አምፖል ከወትሮው በላይ ቦግ ብሎ ሌላው ከደበዘዘ ግን አንድ ደቂቃ አትቁሙ። ዜሮ መስመሩ (ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ፍሪጅም ቴሌቪዥንም ያቃጥላል። ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ከዚያ ደውሉ። የስሞታ ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉት።

አሁን ደብተር ግዙ። ቀኑ፣ የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት፣ የደወለው ሰው፣ የተሰጠው ቁጥር፣ በቃ ይኸው ነው። አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። እኛ ጋ የያዘችው ቡና የምታፈላው እህታችን ናት፣ ቀኑን ሙሉ ሰፈር ስለምትውል ምንም አያመልጣትም። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ካላችሁ ማታ ማታ ቮልቱን ለክቶ ያስጽፍ። 220 መሆን የነበረበት 160 ሆኖ ለአሥር ቀን ከተመዘገበ «ደከመብን» እያሉ መለማመጥ ቀረ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የችግሩ አንዱ ምክንያት እኛው ነን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። አርባ ቤት በአንድ ሰዓት ከጣደ 120 ኪሎ ዋት አለፈ ማለት ነው፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ሲተከል ይህን ሁሉ ምጣድ ታስቦ ላይሆን ይችላል። ዕድር ላይ አነሳነውና ጋገራውን በቀን ተከፋፈልን። መጀመሪያ ቅር ያላቸው ነበሩ፣ ግን አምፖሉ ቀና ማለቱን ሁሉም በዓይኑ አየ። ይህንን ደብዳቤያችሁ ላይ ጻፉት። የራሱን ድርሻ የሠራ ሰፈር ሲጠይቅ ይሰማል።

በአንድ ቆጣሪ አምስት ስድስት ቤት የምትጋሩ ግቢዎች ደግሞ ይህን አንብቡ፣ እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል ነው፣ ዝቅተኛው ዋጋ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ነው። አንድ አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ያላቸው እናቶች ተደምረው በአንድ ቆጣሪ ሲቆጠሩ እንደ ባለቪላ ይከፍላሉ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተወሰነ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ለአገልግሎቱ የየራሳችሁን ቆጣሪ በጽሑፍ ጠይቁ። በታሪፉ በራሱ ላይ ግን መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ አትቆጧት፣ እሷ መቀየር አትችልም። አገልግሎቱ ያቀርባል፣ ባለሥልጣኑ ይመረምራል፣ የሚያጸድቀው መንግሥት ነው። የታሪፍ ሐሳባችሁን ለባለሥልጣኑ ጻፉ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የትራንስፎርመሩን ቦታ በሰፈር ምልክት ግለጹ፣ ከምሰሶው ላይ ቁጥር ካለ አክሉበት። የደብተሩን ቅጂ፣ የነዋሪዎቹን ፊርማ ከቤትና ከቆጣሪ ቁጥር ጋር አያይዙ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ይሁን፦ ባለሙያ መጥቶ ጭነቱን ይለካ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና መዝገብ ቤት የእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስፍርላችሁ። ያለዚያ ቁጥር ደብዳቤው እንዳልገባ ቁጠሩት። ሦስት ተወካይ ይበቃል፣ ከመካከላቸው ሥራው የቆመበት ሰው ይኑር፣ ልብስ ሰፊ ወይም ባለወፍጮ። «መቼ ነው የምትመጡልን?» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ።

ቀኑ ካለፈ ማስታወሻ ደብዳቤ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሳችሁ። እሱም ዝም ከተባለ ሁሉንም አባሪ አድርጋችሁ ወደ ባለሥልጣኑ። የአስተዳደር በደል ደረሰብን የምትሉ ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ማንንም ምሰሶ ላይ እንዳታወጡ፣ «እኔ እነካካዋለሁ» የሚል ጎበዝ ቢገኝም። ሠራተኞቹ የመጡ ዕለት ደብተሩን የያዘው ሰው ሰፈር ይዋል፣ የግቢ በር የሚከፍትላቸውም ይኑር።