ንስሐ ለመግባት ሲያስቡ፦ ከዝርዝሩ እስከ ቁርባኑ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰው ዳግመኛ የሚወለደው በጥምቀት ነው፤ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ። ይህ ልደት አይደገምም። ጥር 11 ቀን የምንረጨው ጠበል በረከት እንጂ ሌላ ጥምቀት አይደለም። ሃይማኖቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚጸለየው የቄደር ጸሎትም ከክህደቱ ያነጻዋል እንጂ እንደ አዲስ አይወልደውም። ከጥምቀት በኋላ ለወደቀ ያለው በር ንስሐ ነው፤ እሱ ደግሞ በወደቁ ቁጥር ይከፈታል።

በመጀመሪያ የንስሐ አባት ያስፈልጋል። ኃጢአትን የመፍታት ሥልጣን ያለው ቄስ ነው፤ ዲያቆን አይፈታም፣ መነኩሴም ቅስና ከሌለው አይፈታም። ብዙ ሰው የቤተሰቡን የንስሐ አባት ይወርሳል። ከእናት ከአባቱ ጋር ስለሚቀራረቡ ካፈረ ሌላ አባት መያዝ ይችላል፤ የቀድሞውን ግን ተሰናብቶ ነው። ሳይሰናበቱ ሁለት አባት የያዙ ሰዎች ቀላል ቀላሉን ለአንዱ፣ ከባዱን ለማያውቃቸው ለሌላው ያወርዳሉ፤ በዚህ መሀል ሕይወታቸውን በሙሉ የሚያውቅ አንድም አባት አይኖርም።

ከዚያ የኃጢአት ዝርዝሩ። ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ስጡት፤ በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ መዝሙረ ዳዊት 50ን፣ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን ጸልዩ። ቀጥሎ ኃጢአትን አባቶች በሚከፍሉት መንገድ አስቡት፦ በገቢር፣ በነቢብ፣ በኀልዮ፤ ማለትም በሥራ፣ በንግግር፣ በሐሳብ። ከገቢር ጀምሩ፣ ለማስታወስ ይቀላልና። ኀልዮን ለመጨረሻው ምሽት አቆዩት። ቂም፣ ምቀኝነት፣ በሰው ውድቀት መደሰት እዚያ ነው የሚገኙት፤ ሥራውና ንግግሩ ከየት እንደ መጣም ያኔ ይታያል። የምትጽፉት በወረቀት ይሁን፣ በራሳችሁ ምልክት፤ ስልክ ላይ አይሁን። ከተናዘዛችሁ በኋላ አቃጥሉት።

ንስሐን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም፣ ጅምላ ንግግር ነው። «አባቴ፣ ያላደረግሁት የለም፣ በአጠቃላይ ይፍቱኝ» ያለ ሰው ትሑት ይመስላል፤ ግን ምንም አልተናገረም። «በገንዘብ ታማኝ አልነበርኩም» ማለትም ከዚያ ብዙ አይሻልም። እንዲህ ይባል፦ «በምሠራበት ሱቅ ለሁለት ዓመት ያህል፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ ከሽያጩ እየቀነስኩ ወስጃለሁ። ባለቤቱ አያውቁም። ገንዘቡን በልቼዋለሁ።» እዚህ ውስጥ አራት ነገር አለ፦ ምን እንደተደረገ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ማን እንደተጎዳ፣ ነገሩ አሁን በምን ላይ እንዳለ። አባትየው ቀኖና (ለተናዘዘው ሰው የሚታዘዝ የንስሐ ሥራ) የሚሰጡት በተለይ አራተኛውን ይዘው ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

የማይነገርም አለ። አብሯችሁ የበደለውን ሰው ስም አትጥሩ። የዝሙትን ነገር ዓይነቱንና ጊዜውን ተናገሩ እንጂ ትዕይንቱን አትተርኩ። የባልን ወይም የአማትን ጥፋት ዘርዝሮ መመለስ ክስ ነው። ተገዶ የተደፈረ ሰውም የደረሰበትን እንደ ራሱ ኃጢአት አይናዘዝም፤ ቁስሉን ለአባቱ ማካፈል ግን ይችላል።

ቀጠሮ የሚያዘው ቀደም ብሎ ነው። በፍልሰታ (ከነሐሴ 1 እስከ 15) ወይም በዐቢይ ጾም መገባደጃ ሁሉም ሰው ስለሚጎርፍ አምስት ደቂቃ ብቻ ሊደርሳችሁ ይችላል። በስልክ ቀጠሮ መያዝ ምንም አይደለም፤ ኃጢአትን በድምፅ ቀድቶ በቴሌግራም መላክ ግን ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው፤ የማን ጆሮ እንደሚገባ አይታወቅም። ቀኑ ሲደርስ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ብላችሁ ጀምሩ፤ በጣም የሚያሳፍረውን አስቀድሙ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ብዙውን ጊዜ ሳይነገር ይቀራል።

ቀኖናው ጾም፣ ስግደት፣ የዳዊት ንባብ፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል። መድኃኒት እንጂ የኃጢአት ዋጋ አይደለም፤ መድኃኒት ደግሞ እንደ በሽተኛው አቅም ነው የሚታዘዘው። ስኳር፣ ጨጓራ፣ የጉልበት ሕመም፣ እርግዝና ካለ እዚያው ተናገሩ። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህትም ቀኗ በእጇ እንዳልሆነ ትንገራቸው። አፍሮ «እሺ» ብሎ በሦስተኛው ቀን ከማቋረጥ አስቀድሞ ማስቀነስ ይሻላል። በሰንበትና በበዓለ ሃምሳ (ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት) ስለማይሰገድ የስግደቱን ቁጥር ስታሰሉ እነዚህን ቀኖች አውጡ።

የሰው ገንዘብ ካለ ይመለሳል፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ባለቤቱ በሕይወት እያለ የሰረቁትን ለነዳያን መመጽወት በሰው ኪስ ቸር መሆን ነው። በአካል መሄድ ካስፈራ የንስሐ አባት አድራሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ስም ያጠፋ ሰው ያማው ሰው ዘንድ ብቻ ሳይሆን ወሬውን የሰሙት ዘንድም ሄዶ «ዋሽቼ ነው» ይበል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ይከብዳል። ለትዳር አጋር የሚነገር ክህደት ሲሆን ግን መቼና እንዴት የሚለውን ከአባት ጋር ሳይመክሩ አይቸኩሉ።

ከተፈታ በኋላ ያው ኃጢአት ቢመለስስ? በማቴዎስ 12 ርኩስ መንፈስ የወጣበት ቤት ተጠርጎ፣ አጊጦ፣ ግን ባዶ ሆኖ ይገኛል። ችግሩ ባዶነቱ ነው። ስለዚህ የወደቃችሁባትን ሰዓት ሳይሆን ከእሷ በፊት የነበሩትን ሰዓቶች ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለመጠጥ የተሸነፈ ሰው መጠጥ ቤት ከመግባቱ በፊት ደመወዝ ተቀብሏል፣ ከዚያ በፊት ለአንድ ጓደኛው ደውሏል፣ ከዚያም በፊት ቤት ተኳርፎ ወጥቷል። ብርጭቆው ላይ ከመታገል ስልኩን አለመደወል ይቀላል፤ ደመወዙን በዚያው ቀን ለሚስት ማስረከብ፣ በዚያች ምሽት ሠርክ ጸሎት መሄድ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም መንቀጥቀጥና የከፋ ሕመም ሊያገኘው ይችላልና ከጠበሉ ጋር ሐኪምም ይየው። ዳግመኛ የወደቀም እስከሚቀጥለው ፍልሰታ አይጠብቅ፤ በዚያው ሳምንት ይናዘዝ።

የንስሐው መድረሻ ቁርባን ነው። «ስሸመግል እቆርባለሁ» የሚለው ልማድ ቁርባኑን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ትቶታል፤ ትክክል አይደለም። አባታችሁ ከፈቀዱ ለ18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ ተከልከሉ፦ የምትቀበሉት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆነ በዋዜማው ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው። ባለትዳሮች ከመኝታ የሚለዩባቸውን ቀናት ከአባታቸው ይጠይቁ። ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት ድረሱ፤ ከተቀበላችሁ በኋላ ጠበሉን ጠጡ፣ በዚያ ቀን አትስገዱ፣ ምራቅ አትትፉ።