የበረዶ ፎቶ ቀለም ስትመርጡ ከጥላው ጀምሩ

በረዶ የለበሰ መልክዓ ምድር አንስታችሁ ቀለሙን ልታስተካክሉ ስትቀመጡ፣ መጀመሪያ ጥላውን እዩት። ፀሐይ ያላረፈችበት በረዶ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ መሆኑ ስህተት አይደለም። ብዙ ሰው ግን «በረዶ ነጭ መሆን አለበት» ብሎ ሰማያዊውን ድራሹን ያጠፋዋል። ያኔ ብርዱም አብሮ ይጠፋል።

ላይትሩም የተባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ለጥላውና ለደማቁ ክፍል ለየብቻ ቀለም የሚሰጠውን ከለር ግሬዲንግን ክፈቱ። ለጥላው ሂዩውን (የቀለሙን ዓይነት) 215 አካባቢ ማለትም ሰማያዊ ላይ፣ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ጥንካሬ) ከ10 እስከ 15 አድርጉት። ለደማቁ ክፍል 40 አካባቢ ያለ ሞቅ ያለ ቀለም ስጡት፤ ሳቹሬሽኑ ከ8 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ይህ የሚያምረው ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ በረዶውን ስትነካው ነው። ቀኑ ደመናማ ከነበረ ሙቀቱን ጭራሽ ተዉት፣ ከየት መጣ ያሰኛል። ለጭጋግማ ቀለሙን ቀነስ አድርጎ ወደ ግራጫ እንደማስጠጋት የሚያምር ነገር የለም።

በረዶው ሐምራዊ ከመሰለ ቲንቱን (በአረንጓዴና በሐምራዊ መካከል የሚያመዛዝነውን ማስተካከያ) ትንሽ ወደ አረንጓዴ ግፉት። ስትጨርሱ ደግሞ ከስክሪኑ ተነሱና ቆይታችሁ እዩት። ዓይን ሰማያዊን ቶሎ ስለሚለምድ ሳይታወቃችሁ ታበዙታላችሁ።