ቆጥቦ እየኖሩ የጠገበ ቤት ማቆም፦ ከሽሮው ይጀምሩ

ቆጥቦ መኖር ሰውን የሚያስመርረው ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ዝቅ ሲያደርግበት ነው። ቡናው ይቀጥናል፣ ወጡ ውሃ ውሃ ይላል፣ ዘመድ መጥራት ይቀራል፣ እሑድ ከማክሰኞ አይለይም። ጥቂት ወራት እንዲህ የኖረ ሰው አንድ ቀን ይበሳጭና ያጠራቀመውን በአንድ ምሽት ግብዣ ይጨርሰዋል። ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ።

የሚያዋጣው መንገድ ሌላ ነው። ከሚወዷቸው ነገሮች መካከል ዋጋቸው ዝቅ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ይምረጡ። እነዚያን ግን ሳይሰስቱ፣ ጊዜና ጉልበት ሰጥተው፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሆቴል ገብቶ በማያገኘው ጥራት ይሥሯቸው። ሌላውን ወጪ ያለ ርኅራኄ ይቀንሱ። ከዚህ በታች የምጽፈው በእኔ ቤት የሚሠራበትን ቅደም ተከተል ነው። ዋናው ጉዳይ ሽሮ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የያዘው እርሱ ነው።

የማይነካውን መለየት

ለአንድ ወር እያንዳንዱን ወጪ ደብተር ላይ ይጻፉ። እስከዚህ ድረስ ማንም ይነግርዎታል። ከዚያ በኋላ ግን በገንዘቡ ልክ ብቻ አይፍረዱ፤ ከየወጪው ጎን ደስታው እስከ መቼ እንደቆየ ምልክት ያድርጉ። በጥድፊያ ቆመው የጠጡት ማኪያቶ ታክሲ ሳይሳፈሩ ይረሳል። ከጎረቤት ጋር የተጠጣው የእሑድ ቡና ግን ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል።

ለምርጫው ሁለት መስፈርት ይበቃል፦ ጥሬ ዕቃው ርካሽ ይሁን፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ደግሞ የራስዎ እጅ ይሁን። ሥጋ በዚህ ወንፊት አያልፍም፤ ጥሩ ሥጋ የሚገኘው በገንዘብ ነው። ሽሮ፣ ቡና፣ ቆሎ፣ የቤት ዳቦ፣ በቆርቆሮ የሚተከል የቅመም ቅጠል ያልፋሉ።

ሽሮውን ከጥሬው ማዘጋጀት

ሽሮ የችግር ምግብ ተብሎ ስሙ የጠፋው ያለ አግባብ ነው። ውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ በሚላክ ሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ አይጠፉም፤ ሰው ከአገሩ የሚናፍቀውን ጣዕም ርካሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ቤተሰብ የሚያማርርበት ሽሮ ብዙውን ጊዜ ከየትኛው እህል እንደተፈጨ ሳይታወቅ ተገዝቶ በ10 ደቂቃ የተሠራ ነው።

ጊዜውን ይምረጡ። አተር ከመኸር በኋላ፣ ሽምብራ ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ ይሰበሰባል። ሽምብራ ዝናቡ ሲያበቃ መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚያድግ እህል ነው። ስለዚህ ጥር ላይ አዲሱ ምርት ገበያ ገብቶ ይገኛል፣ ፀሐዩም የጠነከረ ነው፣ ዐቢይ ጾምም ተቃርቧል። እናቶቻችን ሽሮ የሚያዘጋጁት በዚህ ወቅት መሆኑ እንዲያው የመጣ ልማድ አይደለም። በክረምት የተዘጋጀ ሽሮ በደንብ ስለማይደርቅ ይሻግታል፤ ያኔ ገንዘቡም ልፋቱም አብረው ይጠፋሉ።

እህሉን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ግማሽ አተር፣ ግማሽ ሽምብራ ነው። አተሩ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ወጥ ይሰጣል፤ ሽምብራው ያወፍረዋል፣ ለተጋቢኖም የሚሆነው እርሱ ነው። ባቄላ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ሽታው ስለሚበረታብኝ አልጨምርም። አንድ ነገር ግን የጣዕም ጉዳይ ስላልሆነ አጥብቄ እናገራለሁ፦ ጓያ አይግዙ፣ ጓያ የተቀላቀለበትንም አይግዙ። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም የሚድን አይደለም። በአገራችን በተለይ በሰሜን ምዕራቡ ክፍል በችግር ዘመን ብዙ ሰው የተጎዳበት እህል ነው። የተፈጨ ሽሮ ከሌላው ሁሉ ረክሶ ካገኙት፣ ከምን እንደተሠራ በግልጽ ይጠይቁ። መልስ ካጡ ይተዉት።

ለ3 ኪሎ ክክ ግማሽ ኪሎ ያህል በርበሬ፣ ሩብ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ከእርሱ ያነሰ ዝንጅብል፣ የደረቀ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ እጅግ ጥቂት አብሽ ይበቃል። አብሽ ሲበዛ ይመራል። ቅመም ላይ ስስት ያለበት ሰው ኮረሪማውን ይተወዋል፤ እኔ ሌላውን ሁሉ ብቀንስ ኮረሪማን አልቀንስም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። እህሉ ከተለቀመ በኋላ በብረት ምጣድ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ይታመሳል። ሽሮ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያልበሰለ እህል ከተፈጨ በኋላ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ሆድም ይነፋል፤ ምንም ያህል ቢንተከተክ ሽታው አይለቅም። የጠቆረው ደግሞ ይመራል፣ የወጡን መልክም ያበላሻል። ቀለሙን ብቻ አይመኑ፤ የአተርና የሽምብራ ቀለም ከገበያ ገበያ ይለያያል። ከምጣዱ ጥቂት ፍሬ አውጥተው ቀዝቀዝ ሲል ይንከሱት። ከጥርስ ሥር ቶሎ ተሰብሮ፣ መሐሉ ደረቅ ከሆነና ቅርፊቱ በጣት ሲያሹት ከለቀቀ ደርሷል። ምጣዱ ግለቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ከእሳት እንዳወረዱ እህሉን ወዲያው ሰፌድ ላይ ይገልብጡት። አተርና ሽምብራን አንድ ላይ ማመስ ደግሞ ጊዜ የሚቆጥብ መስሎ የሚያከስር አቋራጭ ነው። ትልቁ ሳይደርስ ትንሹ ያርራል። ለየብቻ ይታመሱ።

ከዚያ ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን በሙቀጫ ወቅጠው ከበርበሬው ጋር ክኩን ይሹበት፤ ተሸፍኖ ይደር። በማግስቱ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል፣ ማታ ማታ ይገባል። ከክኩ ላይ የተጣበቀው ነጭ ሽንኩርት በጣት ሲያሹት ዱቄት እስኪሆን ድረስ አይቸኩሉ። ርጥብ ሆኖ ወፍጮ ቤት ከደረሰ ወፍጮውን ይይዛል፤ ቢፈጭም አይቆይም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖርና ከበረንዳ በቀር ማስጫ የሌለው ሰው ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በስሱ ከትፎ ለብቻው ያድርቅና ከደረቀው ክክ ጋር ይቀላቅል። መዓዛው ትንሽ ቢቀንስም የሻጋታ ስጋቱ ይቃለላል። ደረቁን ቅመም የሚጨምሩት መጨረሻ ላይ፣ ምጣድ ላይ ለስለስ አድርገው ካሞቁት በኋላ ነው።

ወፍጮ ቤት ራስዎ ይሂዱ፤ ከእርስዎ በፊት ምን እንደተፈጨም ይጠይቁ። ሽሮ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ መግባት ከሁሉ ይሻላል። ልም አድርጎ እንዲፈጭ ይንገሩት። በቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ መፍጫ ለመፍጨት አይሞክሩ፤ ዱቄቱ ሸካራ ስለሚሆን ወጡ አይዋሐድም። ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይገባል። ትኩሱን ከከደኑት ያልበዋል።

ወጡ

ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይት፣ በዝግታ፣ ውሃውን እስኪጨርስ ይብሰል። ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ውሃ። ለአንድ ኩባያ ሽሮ አራት ኩባያ ያህል ውሃ ይዘው ይጀምሩና ሲወፍር እያዩ ያስተካክሉ። ልምድ ያለው ሰው ዱቄቱን በሚፈላው ውሃ ላይ እየነሰነሰ ያማስላል። ጀማሪ ግን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ቢጨምር አይጓጉልበትም፤ በዚህ የሚያፍር አይኑር።

ከዚህ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርገው ይተዉት። ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ይንተክተክ። ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ በስሏል። ጨው መጨረሻ ላይ። ጾም ካልሆነ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ይጨመርበት። የቅቤ ዋጋ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቅቤ ለብዙ ምግብ እየተቆጠበ ከሚሳሳ፣ ለአንድ ድስት ሽሮ በጊዜው ቢውል ይሻላል። በሸክላ ድስት ቀርቦ ገበታ ላይ ሲንተከተክ፣ አጠገቡም ሽንኩርት የተሞላ ስንግ ቃሪያ ሲቀመጥ፣ ማንም ቁጠባ መሆኑን አያስታውስም።

ቡና

ጥሬ ቡና ገዝቶ በቤት መቁላት ካፌ ከመመላለስ እጅግ ይረክሳል፤ መዓዛው ደግሞ በገንዘብ የሚገኝ አይደለም። ለቅመው፣ በሁለት ሦስት ውሃ አጥበው፣ ብረት ምጣድ ላይ እያማሰሉ ይቁሉ። የሚፈልጉት ቀለም ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያውርዱ፤ ከወረደም በኋላ በራሱ ግለት መቆላቱን ይቀጥላል። የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ቆልቶ ማስቀመጥ ለእኔ አይዋጥልኝም። ደስታው ግማሽ በግማሽ ጭሱ ውስጥ ነውና የሚጠጡትን ያህል ብቻ ይቁሉ። ጀበናው ከፈላ በኋላ ጋደም ብሎ እስኪሰክን ይታገሡ።

በከሰል የሚያፈላ ሰው መስኮትና በር ይክፈት፤ በተለይ በብርድ ጊዜ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ፍሙ ያለበትን ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም ይጠጡ። ዱቄቱ አንድ ነው፤ የሚጨመረው ውሃ ብቻ ነው። ለሁለት ሰዓት ጨዋታ ከዚህ የረከሰ ዋጋ አላውቅም። የቡና ቁርሱ ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ይሁን፤ ኬክ አያስፈልግም።

ቅጠሎቹ፣ ንባቡ፣ መንገዱ

ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል በባዶ የዘይት ጀሪካን ይበቅላሉ። ጀሪካኑን ከአፉ ቆርጠው፣ ከሥሩ ቀዳዳ አበጅተው፣ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ያኑሩት። ቀዳዳውን ከረሱ ውሃው ይቆምና ሥሩ ይበሰብሳል። ለቡናው አንድ ቅርንጫፍ ጤና አዳም ከራስ በረንዳ መቁረጥ ገበያ ከመሄድ ያድናል።

መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ሲያጥር ቤተ መጻሕፍት አለ። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሰፊና ብርሃን የሞላበት ነው፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ደግሞ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ የአገር ሀብት ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንዱን መርጠው በእግር ይሂዱ። የታክሲውን ሒሳብ ለመመለሻ ያስቀምጡ ወይም ቆሎ ይግዙበት።

እንግዳ መጥራት

ቆጣቢ ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው እንግዳን ነው፤ መሰረዝ የሌለበትም እርሱ ነው። ብዙዎች ሥጋ ሳይኖር ሰው መጥራት ያሳፍራል ብለው ያስባሉና ዓመቱን ሙሉ ማንንም ሳይጠሩ ይከርማሉ። እኔ ረቡዕ ወይም ዓርብ እጠራለሁ። የጾም ቀን ስለሆነ ሥጋ የሚጠብቅ የለም፤ ሽሮው በራሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው በላይ አይጥሩ፤ ሲበዙ ወጪው ይንራል፣ ጨዋታውም ይበተናል። እንጀራው የዕለቱ ይሁን። የትናንት እንጀራ ለቤተሰብ ፍርፍር ይሆናል፣ ለእንግዳ ግን አይቀርብም። ሰው ምን ይዤ ልምጣ ብሎ ከጠየቀዎ አይግደርደሩ፤ ስኳር ወይም ዕጣን ይበሉት። በሚቀጥለው ጊዜ እርሱም ሲጠራዎ ሳይጨነቅ ይጠራዎታል።

ጥር እስኪደርስ መጠበቅ ለማይፈልግ ሰው መጀመሪያው ቡናው ነው። በዚህ ሳምንት ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ይግዙ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቆልተው ከጎረቤት አንድ ሰው ይጥሩ። የሽሮውን እህል ደግሞ አዲሱ ምርት ሲገባ ለመግዛት ከአሁኑ በየሳምንቱ ጥቂት ብር ለብቻው ያስቀምጡ፤ ዕቁብ ካለዎ ዕጣው ጥር አካባቢ እንዲደርስዎ ከአባላቱ ጋር መነጋገር ይቻላል።