የደከመ ብርሃን ወይስ የተለጠጠ ሕዋ? በከመነዳሪ መለየት

የሩቅ ጋላክሲ ብርሃን ወደ ቀይ ያጋድላል፤ «ቀይ ሽግግር» ይባላል። ይህ ብቻውን ግን ሕዋ እየሰፋ ነው አያሰኝም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪትስ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1929 ብርሃኑ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ጉልበቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር፤ «የደከመ ብርሃን» የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ የሚለዩት በቀለም ሳይሆን ጊዜን በመቁጠር ነው፤ ለክፍል ማሳያ የሚሆነው ዕቃ ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ በየጎሚስታው ደጅ ተጥሎ ይገኛል።

የብስክሌት ከመነዳሪ ውሰዱ፤ የባጃጁ ወፍራም ስለሆነ በእጅ አይለጠጥም። ፓች ያለበት አይሁን። ውስጡ ዱቄት ስላለው በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት። ከዚያ 2 ሳ.ሜ. ስፋትና 70 ሳ.ሜ. ርዝመት አድርጋችሁ ቁረጡ። ስፋቱ እኩል ካልሆነ ቀጭኑ ቦታ ብቻውን ይለጠጥና ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል።

6 የሸሚዝ ቁልፎችን በ10 ሳ.ሜ. ርቀት ደርድሩ። እያንዳንዱን መሐሉ ላይ በአንዲት ጠብታ ማጣበቂያ ብቻ ያዙት፤ ሙሉ በሙሉ ከተለጠፈ ሥሩ ያለው ጎማ አይሳብም። በቁልፍ ፋንታ ነጥብ አትሳሉ፤ ነጥብ አብሮ ይሰፋል፣ ጋላክሲ ግን በራሱ ስበት ስለታሰረ አይሰፋም። ጎን ላይ በ4 ሳ.ሜ. ርቀት ሁለት ጭረት በጠመኔ አስምሩ፤ በ20 ቀን ልዩነት የተላኩ ሁለት የብርሃን ምልክቶች ናቸው። ፍሉይድ ሲሳብ ይሰነጠቃል። ጠመኔውም በላበ እጅ ስለሚጠፋ በድሬ ሙቀት ጠዋት መሥራት ይሻላል።

አንዱ የመጀመሪያውን ቁልፍ ሜትሩ 0 ላይ ይያዝ፤ ሌላው የመጨረሻው ከ50 ወደ 75 እስኪደርስ ይሳብ። የ10ኛው ሳ.ሜ. ቁልፍ 5 ሲንቀሳቀስ የ50ኛው 25 ይንቀሳቀሳል፤ አምስት እጥፍ የራቀው በአምስት እጥፍ ይፈጥናል። ሀብል በ1929 ያሳየው ግንኙነት ይኸው ነው። ሁለቱ ጭረቶች ደግሞ 6 ሳ.ሜ. ይራራቃሉ፤ 20ው ቀን 30 ሆነ።

አሁን ጎማውን ልቀቁት። ብርሃን ብቻ የሚደክም ቢሆን መንገዱ አይለጠጥም፤ ጭረቶቹ 4 ሳ.ሜ. እንደተራራቁ ይደርሳሉ፣ ማለትም 20 ቀን። ሰማዩን እንጠይቀው፤ ዓይነት አንድ ኤ ሱፐርኖቫ (በአብዛኛው በተመሳሳይ መንገድ የሚፈነዳ ኮከብ) ደምቆ ጣሪያው ላይ ለመድረስ 20 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ቀይ ሽግግሩ 0.5 የሆነው፣ ማለትም ብርሃኑ እንደ ጎማችን 1.5 እጥፍ የተለጠጠው ግን ወደ 30 ቀን ሲፈጅበት ይታያል። በ2024 የዳርክ ኢነርጂ ሰርቬይ ቡድን 1,504 ሱፐርኖቫዎችን መርምሮ መዘግየቱ ልክ መስፋፋቱ የሚጠይቀውን ያህል ሆኖ አግኝቶታል። የደከመ ብርሃን እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሆይል፣ ቦንዲና ጎልድ በ1948 ያቀረቡት «ቋሚ ሁኔታ» (ሕዋ ቢሰፋም አዲስ ቁስ ስለሚፈጠር መልኩ አይለወጥም የሚለው ሐሳብ) ግን በዚህ ጎማ አይያዝም። እሱም ጎማውን ይለጥጣል፤ ክፍተቱ ውስጥ አዲስ ቁልፍ ከመጨመሩ በቀር 30ው ቀን ያው 30 ነው። እሱን የጣለው በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን ያገኙት፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ 2.7 ኬልቪን ያህል ሙቀት ያለው ጨረር ነው፤ ጨረሩ ሕዋ በአንድ ወቅት እጅግ ሙቅና ጥቅጥቅ እንደነበረ ያሳያል፣ ቋሚ ሁኔታ ግን እንዲህ ያለ ዘመን የለውም። ስለዚህ «ቋሚ ሁኔታ በጎማው ሙከራ ወደቀ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ማርክ አይሰጠው።