ስለ ዮሴፍ ሽሚት ፊልም ለሚጽፉና ፊልሙን ለሚያሳዩ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«አይን ሊድ ጌት ኡም ዲ ቬልት» (አንድ ዘፈን ዓለምን ይዞራል) የተባለው የሪቻርድ ኦስቫልት ፊልም፣ ድምፁ እያማረ በቁመቱ ማጠር ምክንያት የኦፔራ መድረክ የተዘጋበትን የቬኒስ ቴነር (ከፍ ባለ የወንድ ድምፅ የሚዘፍን) የሚተርክ የጀርመን ፊልም ነው፤ ዋናው ተዋናይ አይሁዳዊው ዘፋኝ ዮሴፍ ሽሚት ነው። ስለዚህ ፊልም የሚጽፉ ጀማሪዎችን ረቂቅ ሳርም ብዙ ጊዜ አሳልፌአለሁ፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የዓመተ ምሕረቱ ነገር ነው።

«በ1933 ታየ» ብሎ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን መተው ጥቃቅን ግድፈት ይመስላል። የአማርኛ አንባቢ ግን 1933ን ሲያይ ትዝ የሚለው ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱበት ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አይሁዳዊ ዘፋኝ በርሊን ላይ በትልቅ ሲኒማ ቤት ሊታይ ቀርቶ በሕይወት መኖሩም አጠራጣሪ ነበር። እኔም ለአንድ የፊልም ምሽት ባዘጋጀሁት መግቢያ ይህንኑ ሠርቼ፣ አንድ አዛውንት ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ልጄ፣ እኛ ጣልያንን ስናስወጣ ሂትለር አይሁድ ያዘፍን ነበር ነው የምትለን?» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ። ፊልሙ መጀመሪያ በርሊን የታየው ግንቦት 1 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1933 ነው። በማግስቱ ምሽት በዚያው ከተማ፣ ከኦፔራ ቤቱ ጎን ባለው አደባባይ፣ የናዚ ደጋፊዎች መጻሕፍት አቃጠሉ። በመካከሉ ያለችው አንዲት ሌሊት ናት፤ እሷን ያላስተዋለ ጸሐፊ ፊልሙን «የናዚ ፊልም» ብሎት ያርፋል፤ ኦስቫልት ግን ራሱ አይሁዳዊ ሆኖ ጀርመንን ጥሎ የተሰደደ ሰው ነው።

ገጸ ባሕርዩን ሪካርዶን ከተዋናዩ ከሽሚት ጋር አንድ አድርጎ መጻፍም የተለመደ ነው። ቁመታቸው አንድ ነው፤ ሕይወታቸው ግን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ቡኮቪና ውስጥ የተወለደውና በምኵራብ መዘመር የጀመረው ሽሚት፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በበርሊን ሬዲዮ የማየርቤርን «አፍሪካዊቷ» የተባለ ኦፔራ ዘምሮ ታዋቂ ሆኗል፤ ኦፔራን አልተነፈገም፤ የተነፈገው መታየትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ስዊዘርላንድ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ታሞ መሞቱንም ፊልሙ ሊያውቀው አይችልምና በትረካው መሐል «እጣ ፈንታውን አስቀድሞ ነገረን» እያላችሁ አታስለቅሱን።

የዘፈኑን ስንኝ በምስሉ ግርጌ የሚነበብ ጽሑፍ ስታደርጉ፣ ዘፋኙ ያንኑ ቃል በደገመ ቁጥር አትድገሙት።

ለሚያሳዩት ደግሞ አንድ ነገር አለኝ፤ የዚያ ዘመን ምስል ወደ ካሬ የቀረበ ስለሆነ ሰፊውን ስክሪን ለመሙላት ወደ ጎን አይለጠጥም። አንድ ጊዜ ዘግይቼ አዳራሽ ስገባ ሽሚት እንደ በርሜል ሰፍቶ፣ አጠገቡ የቆመው፣ ጓደኛውን የሚጫወተው ረጅሙ ቪክቶር ደ ኮቫ ደግሞ ሰፍቶ አጭር መስሎ አገኘኋቸው። የታሪኩ ቁስል በሙሉ ያለው በሁለቱ ጓደኛሞች ቁመት ልዩነት ላይ ነው፤ ልጅቷ የምትወደው ረጅሙን ነውና። ፕሮጀክተሩን የያዘውን ልጅ ምነው ብለው፣ «ጋሼ፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ባዶ እንዳይመስል ብዬ ነው» አለኝ። እስኪ መልሰው አልኩት፤ መለሰው፤ ሽሚትም አጠረ።