ባለ ሸራ ጋሪ አልሄድ ሲል፣ አልቆም ሲል፦ ለጅማ ጀማሪዎች

ሦስት ጎማ፣ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ሸራ። ሞተር የለውም፤ የሚነዳው ነፋስ ነው። መሪው በእግር ነው፤ የሸራው ገመድ በእጅ ይያዛል። ቤልጂየምና ፈረንሳይ ውስጥ የባሕሩ ውኃ ሲሸሽ በሚቀረው ጠጣር አሸዋ ላይ ይነዱታል፤ ሌሎች ደግሞ በረራ በቀረባቸው የአውሮፕላን ሜዳዎች ላይ። ጅማ ባሕር የለንም። አባ ሰጉድ ኤርፖርት ሥራ ላይ ስለሆነ አይታሰብም። ያለን ሰፋ ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ እሱም የሜዳው ባለቤት ሲፈቅድ።

አልነቃነቅ አለ

መጀመሪያ ሸራውን አውርዱና ጋሪውን በእጅ ግፉት። ከከበደ ጥፋቱ የነፋስ አይደለም። ኩሽኔታውን ፈትሹ፣ ግራሶ ቀቡ፣ ጎማውን ንፉ። ሣሩ ረጅም ከሆነ ቦታ ቀይሩ። በክረምት ቀዩ አፈር ጎማ ላይ ይጣበቃልና ባትለፉ ይሻላል።

በቀላሉ ከተንከባለለ ግን አቅጣጫችሁን እዩ። ምሰሶው ላይ ቀጭን ክር እሰሩ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይነግራችኋል። ወደ ነፋሱ ፊት ለፊት፣ በግራም በቀኝም እስከ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ጋሪ አይሄድም። ነፋሱ ከጎን እንዲመታችሁ አዙሩት። ከዚያ ሸራው መርገብገብ እስኪጀምር ገመዱን ልቀቁ፤ መርገብገቡ እስኪቆም ብቻ ሳቡ። ጀማሪ ሁሉ አጥብቆ ይስባል። የተወጠረ ሸራ ኃይለኛ ይመስላል እንጂ ጋሪውን ወደ ጎን ነው የሚገፋው።

ጠዋት ጸጥ ካለ ከሰዓት በኋላ ሞክሩ። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ያው ነፋስ እዚህ ያነሰ ይገፋል።

ይነሳና ወዲያው ይሞታል

ይሄኛው ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው። ነፋስ በሌለበት ቀን ባጃጅ ውስጥ ፊታችሁን የሚመታው አየር ከየት መጣ? ከፍጥነቱ። ጋሪውም እንደዚያው ነው። ሲፈጥን የራሱ ነፋስ ከእውነተኛው ጋር ተደምሮ እየዞረ ወደ ፊት ይመጣል። ሸራው ባለበት ከቀረ ይረገበገባል፣ ጋሪውም ይቆማል። ስለዚህ ፍጥነት ሲጨምር ገመዱን ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ይሄ ሲገባችሁ ጋሪው ከነፋሱ በላይ መሮጥ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደቡብ አውስትራሊያ፣ ጌርድነር የጨው ሐይቅ ላይ የሸራ ጀልባ ተወዳዳሪው ግሌን አሽቢ በሰዓት 222.4 ኪሎ ሜትር የነዳው በዚሁ መንገድ ነው። ነፋሱ የዚያን ሩብ እንኳ አልነበረም።

አንዱ የኋላ ጎማ ተነሳ

ገመዱን ልቀቁ። በቃ። ሸራው ነፋሱን ይለቃል፣ ጎማው ይመለሳል። እኔ መጀመሪያ ጎማው ሲነሳብኝ ደንግጬ ገመዱን ጨበጥኩት፤ ጋሪው በጎኑ ተኛ፣ ትከሻዬ ሳምንት አመመኝ። ሰው ሲፈራ የያዘውን ያጠብቃል። ስለዚህ ቆማችሁ ሳለ መልቀቅን ደጋግማችሁ ተለማመዱ፤ እጃችሁ ሳያስብ እንዲለቅ። ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠም፣ ጋሪው ላይ መቋጠርም ክልክል ነው።

አልቆም አለ

ገመዱን ልቀቁና ወደ ነፋሱ አዙሩ። እግር አውርዶ ማቆም አይሞከርም፤ ከኋላ አክሱ፣ ጎማዎቹን የያዘው ብረት፣ ይመጣበታል። ነፋስን ጀርባ ሰጥታችሁ ስትዞሩ ሸራውን ከታች የያዘው አግዳሚ ብረት በራሳችሁ ላይ በኃይል ያልፋል፤ አንገት ይደፋ፣ ሄልሜት አይውለቅ።

የፊት ጎማው ይንሸራተታል

ሣሩ እርጥብ ነው ወይም መሪውን በኃይል ገፍታችኋል። ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ። በደረቅ ሜዳም ካልተወ መቀመጫውን ትንሽ ወደ ፊት አምጡ፣ የፊት ጎማው ክብደት ያግኝ።

ትተነው ሻይ ልንጠጣ ስንሄድ ብቻውን ሄደ

ሸራው አልወረደም ነበር። ሜዳው ላይ ልጆችና ከብቶች አሉ። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ሸራውን አውርዱ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሩ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።