የአማርኛ ብሎግ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአማርኛ ብሎግ አንባቢ የሚያጣው ሁልጊዜ ጽሑፉ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ጸሐፊው በራሱ ኮምፒውተር ሲያየው ሁሉም ነገር አምሮ ይታየዋል። አንባቢው ዘንድ ግን ሊንኩ ተበላሽቶ፣ ፎቶው አልከፈት ብሎ፣ ጎግል ላይም ጠፍቶ ይገኛል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከጸሐፊው ዓይን የተሰወሩ ናቸው። ስለዚህ እያነበቡ ሳሉ ብሎግዎን በሌላ ሰው ስልክ፣ ያለ ዋይፋይ፣ በሞባይል ዳታ ከፍተው ቢያመሳክሩ ጥሩ ነው።

የፖስቱን አድራሻ በግዕዝ ፊደል መተው

ብዙዎች የማያውቁት ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ዎርድፕረስ (ብዙ ብሎግ የሚሠራበት ሶፍትዌር) ርእሱን ወስዶ የፖስቱን አድራሻ ራሱ ይሠራል። የኢንተርኔት አድራሻ ግን የግዕዝ ፊደልን እንዳለ አይሸከምም፤ እያንዳንዱን ፊደል የፐርሰንት ምልክት ወዳለባቸው ዘጠኝ ምልክቶች ይቀይረዋል። ዎርድፕረስ ለዚህ የአድራሻ ክፍል የሚፈቅደው ቦታ 200 ምልክት ነው። ሲካፈል 22 ፊደል ያህል ቢሆን ነው።

በምሳሌ እንየው። የፖስትዎ ርእስ «የዶሮ ወጥ አሠራር ከሽንኩርት ቁሌት እስከ እንቁላል» ነው እንበል። እስከ «እስከ» ድረስ 21 ፊደል አለ፤ በዘጠኝ ሲባዛ 189፣ በቃላቱ መካከል ያሉት አምስት ሰረዞች ሲደመሩ 194 ይሆናል። ለ«እንቁላል» ቦታ አልተረፈም። አድራሻው «እስከ» ላይ ይቆረጣል፤ እስከ ምን እንደሆነ አንባቢው ይገምት። ይህ ሊንክ ከብሮውዘር ተገልብጦ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ደግሞ በርካታ መስመር የሚሞላ የፐርሰንት ምልክትና የቁጥር ክምር ይሆናል። ቫይረስ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ብሎገር በተባለው የጎግል ነጻ የብሎግ አገልግሎት ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ርእሱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ብሎገር ሊያነበው ስለማይችል ለሁሉም ፖስት «ብሎግ ፖስት» የሚል ተመሳሳይ አድራሻ እየሰጠ መጨረሻው ላይ ቁጥር ይለጥፋል። ዶሮ ወጡም የመጽሐፍ ግምገማውም በአድራሻ አይለዩም።

መፍትሔው አንድ ነው። ከማተምዎ በፊት የፖስቱን አድራሻ የሚያሳየውን ሳጥን (ብሎገር ላይ ፐርማሊንክ ይባላል) ከፍተው ከሦስት እስከ አምስት ቃል በላቲን ፊደል፣ በሰረዝ እያያያዙ ይጻፉ። ርእሱን ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አይጠበቅብዎትም፤ ሰው በስልኩ በላቲን ፊደል አማርኛ ሲጽፍ እንደሚጽፈው ያድርጉት። ዎርድፕረስ ላይ የቆየ ፖስት አድራሻ ቢቀይሩ የድሮው ሊንክ ራሱ ወደ አዲሱ ይመራል። ብሎገር ላይ ግን ከታተመ በኋላ ለመቀየር ፖስቱን ወደ ረቂቅ መመለስ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ ሼር የተደረገው ሊንክም ይሞታል።

ፈላጊው በሌላ ፊደል እንደሚጽፍ መርሳት

«ፀሐይ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። መጀመሪያው በፀ ወይም በጸ፣ መካከሉ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። አንድ ቃል፣ አሥራ ሁለት አጻጻፍ። ሥራና ስራ፣ ዓመትና አመት፣ ሀገርና አገርም እንዲሁ ናቸው። ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። የዎርድፕረስ የራሱ መፈለጊያ ሳጥን ቃሉን የሚያነጻጽረው ፊደል በፊደል ስለሆነ «ስራ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሥራ» ተብሎ የተጻፈውን ፖስት አያገኘውም። ጎግል የተሻለ ይገምታል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም።

አንዳንዶች ለዚህ ብለው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዴ ሥራ፣ አንዴ ስራ እያሉ ያቀላቅላሉ። ይህ ጽሑፉን ማጎሳቆል ነው፤ ጠንቃቃ አንባቢም ይታዘብዎታል። በጽሑፉ ውስጥ አንዱን አጻጻፍ መርጠው ይጽኑበት። ሌላውን አጻጻፍ ጎግል ከርእሱ ሥር በሚያሳየው አጭር መግለጫ፣ በፎቶው አማራጭ ጽሑፍ (ፎቶው ሳይከፈት ሲቀር በቦታው በሚነበበው) እና በፖስቱ መለያ ቃላት ውስጥ ያስገቡት። ለርእሱ የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ሁለቱንም ጎግል ላይ በየተራ መጻፍ ጀምረው የሚመጡትን ጥቆማዎች ያወዳድሩ፤ ሰው የሚፈልግበት አጻጻፍ ብዙ ጥቆማ ያወጣል።

ርእሱን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ጎግል ርእስ የሚቆርጠው በስፋት ነው። ለእንግሊዝኛ 60 ፊደል ያህል ይበቃል ይባላል፤ የግዕዝ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ግን ቀድሞ ይቆረጣል። ዋናውን ቃል በመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ቃላት ውስጥ ይጨርሱት። «ስለ … ማወቅ የሚገባዎት አስገራሚ ነገሮች» ዓይነት ርእስ ቁም ነገሩ ሳይደርስ ያልቃል።

የድሮ ፎንትና «::»

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ፣ ከዚያም በኋላ በየቢሮው ለዓመታት በቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ስክሪን ላይ አማርኛ ቢመስልም ከሥሩ የላቲን ፊደል ነው። ወደ ብሎግ ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ሰነድዎን ለመፈተን አንድ አንቀጽ ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩት። እዚያ አማርኛ ሆኖ ከታየ ደህና ነው፤ ካልሆነ በመቀየሪያ ማሳለፍ ወይም እንደገና መተየብ ነው።

አራት ነጥብን በሁለት «:» መሥራትም መቆም አለበት። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ክፍተት ከገባ ስልክ ላይ ተለያይተው አንዱ መስመር መጨረሻ፣ ሌላው ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ጂቦርድ በተባለው የጎግል ኪቦርድ የአማርኛ ገጽ ላይ «።» አለ፤ ካለፈው ቃል ጋር ያለ ክፍተት አያይዘው ይጻፉት።

ለእንግሊዝኛ በተሠራ መልክ አማርኛ ማስነበብ

አብዛኛው ዝግጁ ቴም (የብሎግ ዲዛይን) የተሰፋው ለላቲን ፊደል ነው። የመስመር ክፍተቱ ለአማርኛ ይጠብባል፤ የፊደል መጠኑን ወደ 18 ፒክስል፣ የመስመር ክፍተቱን ወደ 1.7 ከፍ ያድርጉ። ያዘመመ ጽሑፍ አይጠቀሙ። የግዕዝ ፊደል የራሱ ያዘመመ ቅርጽ ስለሌለው ብሮውዘሩ ቀጥ ያለውን ገፍቶ ያዘነብለዋል፤ እግር ያላቸው ፊደላት ደግሞ ሲያዩዋቸው የሚወድቁ ይመስላሉ። ማጉላት ሲፈልጉ ደማቁን ይጠቀሙ። ፎንት ከውጭ የሚጭኑ ከሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጥሩ ናቸው። ኖቶን መደበኛውንና ደማቁን ብቻ ይጫኑ፤ ዘጠኙንም ውፍረት መጫን የአንባቢን ዳታ ማቃጠል ነው።

ፎቶን ከስልክ እንደወጣ መስቀል

የዛሬ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። አሥር ፎቶ ያለበት የጉዞ ፖስት እንዳለ ከተጫነ 40 ሜጋባይት ነው። የቀን ጥቅል ገዝቶ ለሚያነብ ሰው ይህ ሊታለፍ የማይችል ወጪ ነው። ገጹ ሳይከፈት ቢመለስ ጥፋቱ የኔትዎርኩ ብቻ አይደለም።

ከመስቀልዎ በፊት የፎቶውን ስፋት ወደ 1200 ፒክስል ይቀንሱ፤ ከዚያ በጄፔግ ጥራቱን 75 ላይ አድርገው ያስቀምጡ። ስኩሽ የተባለው የጎግል ነጻ መሣሪያ ብሮውዘር ላይ ይህን ይሠራል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ኪሎባይት ይሆናል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ስክሪንሾት ከሆነ የፋይሉን ዓይነት ይመልከቱ፤ ፒኤንጂ የሆነ ስክሪንሾት ፎቶ ካለበት ከጄፔጉ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ጽሑፍን በፎቶ አድርጎ መለጠፍ ደግሞ ሁለት ጥፋት ነው፦ ይከብዳል፤ ጎግልም እንደ ጽሑፍ አያነበውም።

ጎግልን በር ዘግቶ መጠበቅ

ዎርድፕረስ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ የሚለውን ሲከፍቱ የመፈለጊያ ድረ ገጾች እንዳይጎበኙ የሚከለክል ሳጥን አለ። ብሎጉን ሲሠሩ ምልክት አድርገውበት ከተረሳ ስድስት ወር ቢጽፉም ከጎግል አንድ ሰው አይመጣም። ብሎገር ላይ ተመሳሳዩ ፕራይቬሲ ሥር ነው። መከፈቱን ካረጋገጡ በኋላ ጎግል ሰርች ኮንሶል በተባለው አገልግሎት ላይ ብሎጉን አስመዝግበው የሳይትማፕ (የብሎጉ ገጾች ዝርዝር) አድራሻውን ያስገቡ፤ ነጻ ነው፣ ሩብ ሰዓትም አይፈጅ። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ሰዎች ምን ጽፈው እንደመጡ ያሳይዎታል። ቀጣዩን ርእስ ከዚያ መምረጥ ከግምት በብዙ ይሻላል።

ሰዓትና ዓመት ማምታታት

ፖስቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲወጣ ይፈልጋሉ እንበል። በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ማታ ነው፤ ያንን ሞልተው ይተኛሉ። አዲስ የተጫነ ዎርድፕረስ ግን የሚቆጥረው በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ ፖስቱ የሚወጣው ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። አገር ሲተኛ ማለት ነው። ጄኔራል ሴቲንግስ ውስጥ ታይምዞን በሚለው ላይ አዲስ አበባን ይምረጡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ለውጭ አንባቢም አይከፋም፦ ሪያድ ሰዓቱ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዋሽንግተን ደግሞ እንደ ወቅቱ እኩለ ቀን ወይም አንድ ሰዓት አለፍ ብሎ ነው።

ዓመት ሲጠቅሱ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አይዝለሉ። ብሎጉ ራሱ ከፖስቱ ሥር የሚያትመው ቀን በፈረንጅ ስለሆነ አንባቢው ሁለት አቆጣጠር በአንድ ገጽ ላይ ያያል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 በአማርኛው 2012፣ በእንግሊዝኛው 2020 ተብሎ ነው የሚጠቀሰው። ምልክት ካልተደረገለት አንባቢ ሁለት አዋጅ ያለ ይመስለዋል። (በነገራችን ላይ ብሎግ የሚጽፍ ሰው ይህን አዋጅ አንዴ ቢያነበው አይጎዳም።)

ቴሌግራም ላይ ሁሉንም መዘርገፍ ወይም ባዶ ሊንክ መወርወር

የአማርኛ አንባቢ በብዛት ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ኢሜይል ሰብስቦ ጋዜጣ መላክ ለእንግሊዝኛ ብሎግ የሚሰጥ ምክር ነው፤ እኛ ዘንድ መልእክቱ ሳይከፈት ይቀራል። ቻናል ይክፈቱ። ግን ሁለት ጽንፎች አሉ። አንዱ ጽሑፉን ሙሉውን ቻናሉ ላይ መለጠፍ ነው። የቴሌግራም አንድ መልእክት 4096 ምልክት ስለሚይዝ መካከለኛ ፖስት ይገባል፤ ታዲያ አንባቢው ብሎግዎን የሚከፍትበት ምክንያት ምን ይሆናል? ሌላው «አዲስ ጽሑፍ፣ ይጎብኙ» ብሎ ሊንክ ብቻ መጣል ነው።

የሚሠራው መካከለኛው መንገድ ነው። ከጽሑፉ ውስጥ ራሱን የቻለ አንድ ጠቃሚ ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ልክ ወይም አንድ ጥያቄ ከነመልሱ፣ ከ60 እስከ 80 ቃል አድርገው ይጻፉ፤ ከዚያ ሊንኩን ያስከትሉ። ፎቶ ካያያዙ፣ ክፍያ ያለው ፕሪሚየም ከሌለዎት፣ ጽሑፉ ከ1024 ምልክት መብለጥ አይችልም። ሊንኩ ሲለጠፍ የሚወጣው ምስል 1200 በ630 ፒክስል ቢሆን ፌስቡክም ላይ ሳይቆረጥ ይታያል። ምስሉን ቀይረው ቴሌግራም የድሮውን ማሳየቱን ከቀጠለ ሊንኩን ዌብፔጅ ቦት (@WebpageBot) ለተባለው የቴሌግራም ቦት ይላኩለት፤ ያድሰዋል። የሰው ቡድን ውስጥ ገብቶ በየቀኑ ሊንክ መበተን ግን ከቡድኑ ከመባረር ሌላ ትርፍ የለውም።

የሰው ፎቶ ወስዶ «ከኢንተርኔት የተገኘ» ማለት

ይህ ሐረግ ፈቃድ አይደለም። የቅጂ መብትን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት የፎቶ ኢኮኖሚያዊ መብት (ከሥራው የመጠቀም መብት) ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። ፎቶ ካስፈለገዎት ራስዎ ያንሱ፤ ካልሆነ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ፈቃዱን አንብበው፣ ያነሳውን ሰው ስም ከፎቶው ሥር ጽፈው ይጠቀሙ።

አንድም ረቂቅ ሳይኖር መጀመር

በመጀመሪያው ሳምንት አራት ፖስት፣ በሁለተኛው አንድ፣ ከዚያ ጸጥታ። ብሎጉን ከመክፈትዎ በፊት ያለቀላቸው አምስት ጽሑፎች ይኑርዎት፤ ሁለቱን ይለቁና ሦስቱን ለታመሙበትና ለተወጠሩበት ሳምንት ያስቀምጡ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፖስት ለአንድ ሰው በቂ ነው።

ቅጂ አለመያዝ

የይለፍ ቃል ይጠፋል፤ አካውንት ይዘጋል፤ የሆስቲንግ ክፍያ በዶላር ስለሆነ ካርድ እስኪገኝ ቀኑ ያልፋል። በወር አንዴ ብሎገር ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ባክአፕ፣ ዎርድፕረስ ላይ ቱልስ ውስጥ ኤክስፖርት የሚለውን ተጭነው ፋይሉን ያውርዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ የዎርድፕረሱ ፋይል ጽሑፉንና ኮሜንቱን እንጂ ፎቶዎቹን አይዝም፤ የያዘው የፎቶዎቹን አድራሻ ብቻ ነው። የድሮው ሆስት ከተዘጋ አድራሻው ባዶ ቦታ ይጠቁማል። ስለዚህ ያሳነሷቸውን ፎቶዎች በፖስቱ ስም በተሰየመ ፎልደር ኮምፒውተርዎ ላይ፣ አንድ ቅጂም ፍላሽ ላይ ያኑሩ።